ሸርጣኑ ራሱ ይታጠብ

ቤት ውስጥ ኸርሚት ክራብ (ባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል ለብሶ የሚኖር ሸርጣን) ማሳደግ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሳምንት ስንት ጊዜ ልጠበው?» ብሎ ነው። እኔ አትጠቡት እላለሁ። ሁለት ዓይነት ውሃ፣ ጨዋማና ጨው አልባ፣ አዘጋጁለትና ተዉት፤ መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህ የየብስ ሸርጣን የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በጊል (በስንጥብ) ነው፤ ጊሉ የሚሠራው ደግሞ እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በለበሰው የቀንድ አውጣ ዛጎል ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይዞ ይዞራል። ለስላሳ ሆዱን የሚያረጥበው፣ በሰውነቱ ያለውን የጨው መጠን የሚያስተካክለው በዚያ ውሃ ነው። ከጨዋማው ትንሽ፣ ከጨው አልባው ትንሽ እየወሰደ ለራሱ የሚስማማውን ይቀምማል። በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖረው ኮኤኖቢታ ስካቮላ የተባለው ዝርያ በረሃ አጠገብ እየኖረ ከባሕሩ ብዙ የማይርቀውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ እኛ አንስተን ለብ ያለ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ስንነክረው ያን የቀመመውን ውሃ ነው የምንደፋበት፤ ፍርሃቱ ሲጨመር ጉዳቱ ይብሳል።

ማታ መብራት ቀንሶ ያየው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሸርጣኑ የውሃ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ በአንቴናው ውሃውን መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ ትንሿን ጥፍሩን ነክሮ ጠብታዋን ወደ አፉ ይወስዳል፤ ደጋግሞ። ሲጠጣ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ ይገባና ሰውነቱን ወደ ዛጎሉ ሲሰበስብ ከዛጎሉ አፍ አረፋ ይወጣል። መታጠብ ማለት ለሱ ይኸው ነው።

በየሳምንቱ ማጠብ የሚለው ምክር የመጣው ከሽቦ ቤቱ ይመስለኛል። ሜሪላንድ ኦሽን ሲቲ የባሕር ዳርቻ ሄዶ የሚያውቅ የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ሁሉ አይቶታል፤ በጋ ላይ ቀለም የተቀባ ዛጎል ያለበሱትን ሸርጣን ከሽቦ ቤት፣ ከስፖንጅና ከአንድ ከረጢት ምግብ ጋር ለልጆች ይሸጣሉ። በሽቦ ቤት ውስጥ አየሩ ስለሚደርቅ እንስሳው ቀስ በቀስ ይታፈናል፤ የሳምንቱ እጥበት ሞቱን ቢያዘገይ እንጂ አያድነውም። የሚያድነው ክዳን ያለው የመስታወት አኳሪየም ነው፤ እርጥበቱ 80 በመቶ አካባቢ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። የእርጥበት መለኪያ ሳይኖር በግምት አይሆንም። ቀለም የተቀባውን ዛጎል በተመለከተ፣ ቀለሙ ሲላጥ ስለሚበሉት ያልተቀቡ ትርፍ ዛጎሎች አስቀምጡላቸው። በደህና ከተያዙ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ አሉ፤ በአንድ ክረምት የሚያልቁት በአያያዝ ጉድለት ነው።

ውሃውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሎሪን ላይ ነው። ውሃ ክፍት ሆኖ ሲያድር ተራ ክሎሪን ይተናል፤ ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሐደበት ማከሚያ) ግን እንዲህ በቀላሉ አይተንም። የዋሽንግተን ዲሲ የቧንቧ ውሃ ደግሞ፣ በጸደይ ወደ ክሎሪን ከሚመለስባቸው ጥቂት ሳምንታት በቀር፣ ዓመቱን የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ስለዚህ ማሳደሩን ትታችሁ ለአኳሪየም የሚሸጠውን የውሃ ማከሚያ ጠብታ ግዙ፤ መለያው ላይ ለክሎራሚንም እንደሚሠራ መጻፉን አረጋግጡ። ጨዋማው ውሃም መጀመሪያ በዚሁ ይታከማል።

ጨው ሲባል የገበታ ጨው አይደለም። የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ሸርጣኑ የሚፈልጋቸው ካልሲየምና ማግኒዥየም የሉበትም። ለባሕር ዓሣ አኳሪየም የሚሸጠውን የባሕር ጨው በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል በጥብጡ፤ በአንድ ጋሎን ግማሽ ኩባያ ገደማ ይመጣል። ሃይድሮሜትር (የውሃን ጨውነት በክብደቱ የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ከ1.021 እስከ 1.026 ባለው መካከል ይሁን። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጨዋማው ገንዳ በትነት ሲጎድል የጎደለው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። ጨው ባለው ውሃ ከሞላችሁት ጨውነቱ እየበረታ ይሄዳል፤ የሚሞላው በታከመ ጨው አልባ ውሃ ነው። ማጣሪያ ከሌለው ሁለቱንም ገንዳ በየሁለት ሦስት ቀኑ መቀየር ያስፈልጋል።

የገንዳው ጥልቀት ትልቁን ሸርጣን ከነዛጎሉ የሚሸፍን ይሁን፤ በጎኑ ትንሹም የሚወጣበት የፕላስቲክ መረብ ወይም የድንጋይ ደረጃ ይኑረው። ይሰምጣሉ ወይ ለሚለው፣ መውጫ ካጡ አዎ። የብረት ዕቃ አይሁን። ውሃው አኳሪየሙ ወለል ላይ ባለው አሸዋ እየፈሰሰ ሥር ከተጠራቀመ አሸዋው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ማምጣት ይጀምራል፤ ያኔ ቅርፊቱን ሊቀይር ሥር የተቀበረው ሸርጣን አደጋ ላይ ነው። ስፖንጁን ግን ብተወው እመርጣለሁ፣ የባክቴሪያ መራቢያ ከመሆን ያለፈ ጥቅም የለውም።

ምግብ ላይ ሸርጣን የወደቀውን ሁሉ ለቃሚ ነው፤ ኮኤኖቢታ ኮምፕሬሰስ በተባለው ዝርያ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አሁን ከበሉት ይልቅ ሌላውን ይመርጣሉ። አንድ ዓይነት እንክብል ብቻ መስጠት ከተፈጥሯቸው ጋር ይጋጫል፤ ኮፐር ሰልፌት (የመዳብ ውሁድ) ወይም ኢቶክሲኩዊን (ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) የተጻፈበትን ደግሞ እኔ አልገዛም። ለሦስት ወይም ለአራት ሸርጣን በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከነቅርፊቱ የደረቀ ሽሪምፕ፣ ጨው የሌለው የተቀቀለ እንቁላል ወይም ዓሣ ለፕሮቲን፤ ካሮት፣ ዱባና ስኳር ድንች ለቀለማቸው፤ ኮኮናትና የተፈጨ ተልባ ለቅባት፤ የባሕር አረም፣ የደረቀ የኦክ ቅጠል። የእንቁላል ቅርፊት ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ ሁልጊዜ ከፊታቸው አይጥፋ፤ አዲስ ቅርፊት የሚያጠነክሩት በካልሲየም ነው። ከኛ ድስት የሚተርፈው ግን ለነሱ አይሆንም፤ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ጨው አለበት። ፍራፍሬ ከሆነ የተረጨበት ኬሚካል እንዲለቅ በደንብ ታጥቦ ነው።

ምግቡን ማታ አቅርቡ፤ እርጥቡን ጠዋት አንሱት፣ ሻጋታና ትናንሽ ዝንቦች የሚመጡት በሱ ነው። ሳህኑ ያልተነካ ቢመስል አትደንግጡ፣ የሚበሉት በጣም ትንሽ ነው። ዙሪያውን አሸዋ ማታ አስተካክሉት፤ ጠዋት የእግር ምልክት ካለ መጥተው ነበር ማለት ነው። ምልክቱ ለሳምንታት ከጠፋ ቅርፊቱን ሊቀይር ተቀብሮ ይሆናል፤ ትልቅ ከሆነ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። አትቆፍሩት። ባታዩትም ምግብና ውሃ መቀየሩን አታቋርጡ፤ የጣለውን አሮጌ ቅርፊት ራሱ ስለሚበላው እሱንም አታንሱበት።