ናሙናው ከየት ተቆረጠ?

በምሠራበት ቤተ ሙከራ፣ የጥራጥሬ ተክሎች ሥር ላይ ኖዱል (ባክቴሪያ የሚኖርበትና ናይትሮጅን ለተክሉ የሚቀየርበት ትንሽ እብጠት) ሲያድግ የትኛው ጂን መቼና የት እንደሚሠራ እናጠናለን። አንድ ወጣት ባልደረባችን ሜዲካጎ የተባለውን ተክል ኖዱል እንዲፈጠር በሚያደርገው በራይዞቢየም ባክቴሪያ ካስያዘ በኋላ በ24ኛው ሰዓት ኒን የተባለውን ጂን ሲለካ፣ ባክቴሪያ ባገኙትና ባላገኙት ተክሎች መካከል ልዩነት ስላጣ፣ ባክቴሪያው ሞቷል ብሎ ደምድሞ ሙከራውን በአዲስ ዘር ሊጀምር ተነሣ።

ድምዳሜውን መቀበል አልቻልኩም፤ ከዚያው ዙር ሳይነቀሉ የቀሩት ተክሎች ቆየት ብለው ሮዝ ኖዱል አውጥተው ነበርና። ሮዝ ቀለሙ የሌግሄሞግሎቢን ነው፤ ይህ ፕሮቲን ኦክስጅንን እየያዘ ናይትሮጅን የሚቀይረውን ኢንዛይም ስለሚጠብቅ፣ ቀለሙ ከታየ ባክቴሪያው ሴሎቹ ውስጥ መኖሩ አያጠራጥርም። ኒን ደግሞ በ1999 ሎተስ በተባለ ተክል ላይ ተለይቶ የታወቀ፣ ከተበላሸ ኖዱል የማይፈጠርበት ጂን ነው። እንግዲህ ኖዱሉ ካለ ጂኑ ሠርቷል ማለት ነው።

«ሥሩን ከየት ላይ ቆረጥከው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አልቆረጥኩትም፤ ሙሉውን ነው የፈጨሁት» አለኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። ባክቴሪያው የሚልከውን የኖድ ምልክት ከሁሉ በላይ የሚቀበለው፣ ከሥሩ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ አዳዲስ የሥር ጸጉሮች የሚበቅሉበት አጭር ክፍል ነው። ምልክቱ እዚያ ላሉት ሴሎች ሲደርስ በኒውክለሳቸው ውስጥና ዙሪያ የካልሲየም መጠን ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህንን የሚያነበው ኢንዛይም ሳይክሎፕስ የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል፣ ሳይክሎፕስም ኒንን ያስነሣል። የቀረው የሥር ርዝመት በዚያ ሰዓት ብዙም ስለማይሳተፍ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲፈጭ የጥቂት ሴሎች አርኤንኤ (ጂን ሲሠራ የሚወጣውና የምንለካው ቅጂ) በብዙው ውስጥ ይሰወራል። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን አማካይ መልሷል።

በሚቀጥለው ዙር አጉሊ መነጽር ሥር ተቀምጦ ጸጉሮቹ ገና ብቅ ያሉበትን ቁራጭ ብቻ በምላጭ እየለየ፣ ሳይዘገይ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ጨመረው፤ ከማነጻጸሪያዎቹ ተክሎችም ያንኑ ክፍል ወሰደ። ኒን በግልጽ ከፍ አለ። ሌግሄሞግሎቢን ግን ገና አልታየም፤ በዚያ ሰዓት መታየትም አልነበረበትም።

አሁን የደረሰ ኖዱል ሲያጠና፣ የሚከፋፈሉት ሴሎች ያሉበትን ጫፍ፣ ባክቴሪያው የሚገባበትን ቀጠናና ናይትሮጅን የሚቀየርበትን ክፍል ለየብቻ ይወስዳል። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይም ከሰዓቱ አጠገብ ቦታውን ይጽፋል።