እማዬ «ዳንሽ» ስትለኝ

ለጥምቀት መሐል ሜዳ ገባሁ። ከሚኒሶታ ከተነሳሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ እንቅልፍ የለኝም። እማዬ በሁለት እጇ ፊቴን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። «ጠፍቷል! እሰይ፣ ዳንሽልኝ!» እልልታዋን አቀለጠችው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በቪዲዮ ስታየኝ፣ ከአፍንጫዬ እስከ ጉንጮቼ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ቅላት ነበረብኝ። ሉፐስ ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን እንደ ጠላት የሚያጠቃበት በሽታ። ያኔ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኝ ነበር። የሥራ ልብሴን የምትቆልፍልኝ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ነበረች።

አሁን ስድስት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ። ሐኪሞች «ሬሚሽን» ይሉታል። በሽታው ተኝቷል እንጂ አልሄደም። ሲመረምሩኝ የነቃ ምልክት አያገኙም፤ ሬሚሽን ለመባል ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ቢወሰድ እንኳ በቀን ከ5 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ሌላው መድኃኒት ግን ይቀጥላል።

ማታ ከራት በኋላ ክኒኔን ሳወጣ እማዬ አየችኝ። «አሁንም? ጸበሉ ፈውሶሽ የለ እንዴ?» ስሙ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው ስላት አጎቴ ቀና አለ። «ክሎሮኪን? የወባው?» ሸዋ ሮቢት እርሻ ላይ ሳለ ስንቴ ውጦታል። አልተሳሳተም፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ወባ ለሌለባት ለእኔ ሉፐሱ እንዳይነሳ ይጠብቅልኛል። ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችልም በየዓመቱ እታያለሁ።

እማዬ ዳነች ብላ ብታስብ አልፈርድባትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። በታመምኩ በሁለተኛው ዓመት ደህና ሆንኩ ብዬ በራሴ ሥልጣን ክኒኑን አቆምኩ። ከወራት በኋላ ሽንቴ እንደ ጠላ አረፋ ይደፍቅ ጀመር። ፕሮቲን ነው፤ ኩላሊቴ ተነክቷል። ሆስፒታል ተኝቼ ስትደውል ካሜራውን አጥፍቼ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እላታለሁ። ስደት ላይ ያለን ሰዎች ይህችን ቃል እንዴት እንደምንላት እናውቃለን። እሷም እዚህ ሆና ለዳነችው ልጇ ስለቷን አስገብታለች።

ያን ማታ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። እሳቱን በአመድ እያዳፈነች፣ «ብቻሽን?» አለችኝ። ሌላ አልጠየቀችም። እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ከተራ ነበር። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ከቆላው ይብሳል፣ ጨረሩ ከፍታ ላይ ይበረታል። ለሉፐስ ደግሞ ፀሐይ ዋና ቀስቃሽ ነው። ይህን ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኳት። ታቦቱ ሲወጣ እማዬ ጥቁር ዣንጥላዋን ዘርግታ በፀሐዩ በኩል ገባች። እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ክንዷ እየዛለ ከራሴ ላይ አላወረደችውም። ልቀበላት ስል እጄን መታ አደረገችኝ።

«ነገ ጸበሉንም ትረጪያለሽ፣ ማታ ክኒንሽንም ትውጫለሽ» አለችኝ።