ደቻቱ ላይ ኳስ የለም

ዛሬ ልጄን ሳቢያን አካባቢ ኳስ ልምምድ አስመዘገብኩት። 10 ሰዓት ሆኖም የድሬ ፀሐይ አልበረደችም። አሰልጣኙ ገና ሰላም ሳንባባል «ሲያልቅ ማን ነው የሚወስደው?» አለኝ። «ቅርብ ነው፣ ብቻውን ይመጣል» ስለው ራሱን ነቀነቀ። ስሙ ካልተመዘገበ ሰው ጋር ልጅ አይሸኝም። ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻውም አይቀመጥም፤ ሌላ ትልቅ ሰው አብሮት አለ። አበዛው እንዴ ብዬ ነበር፣ አልዋሽም።

ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መጫወትማ ክልክል ነው። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ይመጣል። የ1998ን የሐምሌ ጎርፍ ማን ይረሳል? እኔ ግን ያደግኩት እዚያው አሸዋ ላይ ኳስ ስለጋ ነው። «ተው» ያለኝም አልነበረም።

ማታ «ልምምዱ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ውሃ ጠጡ ጠጡ እያለ ጨቀጨቀን።»