ትራይፖዱ ስንት ኪሎ ይችላል?

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ሥራ አንድን ታሪካዊ ድልድይ ወይም ሕንፃ የሚነካ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ጉዳዩ አስቀድሞ እንዲመረመር ያስገድዳል። ማዳን ካልተቻለ ስምምነቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው «እንግዲያው ከመፍረሱ በፊት በሚገባ ተመዝግቦ ይቀመጥ» በሚለው ላይ ነው። እኔ የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን የምዝገባ ሥራ በሚይዝ ትንሽ ቢሮ፣ በፎቶግራፍ ረዳትነት ነው። ድልድይ ሲሆን ሥራው የሚሄደው እ.ኤ.አ. በ1969 ወደተቋቋመው የአሜሪካ የምህንድስና ቅርስ መዝገብ ሲሆን፣ የተጠየቅነውም በትልቅ ፊልም የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበር፤ 4 በ5፣ 5 በ7 ወይም 8 በ10 ኢንች። ኔጋቲቩ መጨረሻው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ለ500 ዓመት ይቆያል ተብሎ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ገብቶ ያየዋል። ይህን ሳስብ ሥራዬን እወደዋለሁ።

የዚያ ጊዜው ሥራችን የሆነው ድልድይ በሪቬት (ክብ ራስ ባለው የብረት መሰኪያ) የተያያዘ የብረት ትረስ (በሦስት ማዕዘን የተጋጠሙ ብረቶች) ነበር፤ ከወንዙ በላይ ጠባብ፣ ግን ገና መኪና የሚያልፍበት። የሚፈርስበት ቀን ተቆርጧል። አለቃዬ በዚያ ሰሞን አሮጌውንና ከባዱን የአሉሚኒየም ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ትቶ አዲስ የካርቦን ፋይበር ገዝቶ ነበር። ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ገደል ወጥቶ ለሚሠራ ሰው ክብደት ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ሣጥኑ ላይ «15 ኪሎ ይችላል» ይላል። የእኛ ካሜራ ከሌንሱ ጋር አምስት ኪሎ ቢጠጋ ነው። ሂሳቡን ላየ ሰው አቅሙ የሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ነው።

በዚያ ቀን ወንዙን ተከትሎ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ሰማዩ ደመና ለብሷል፣ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት (ISO) 100 ነው፣ የሌንሱ ቀዳዳ በጣም ጠቦ ኤፍ 32 ላይ፣ ፊቱ ደግሞ ብርቱካናማ ማጣሪያ አለ። ስለዚህ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ለአንድ ሰከንድ ያህል ይከፈታል። ሌንሱ 300 ሚሊሜትር ስለነበር የካሜራው ወናፍ 30 ሴንቲሜትር ያህል ተዘርግቷል። ፊልሙ ታጥቦ መብራት ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ፣ ከወንዙ ዳር የተነሡት በሙሉ ብዥ ያሉ ነበሩ። ከመንገዱ በኩል በአጭር ሌንስ የተነሡት ደህና ናቸው።

አለቃዬ መጀመሪያ የጠረጠረው ፎከሱን ነው፤ ቀጥሎ የፊልም መያዣውን። በጥያቄው መሀል የገባው ግን ጋሼ ነበር። ጋሼ በወጣትነቱ አገር ቤት የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ቴዎዶላይት (የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ) ተሸክሞ ተራራ ሲወጣ የኖረ ሰው። አሁን በቢሯችን የድልድዮቹን ልክ የሚወስደውና ንድፋቸውን የሚሥለው እሱ ነው። አጉሊ መነፅሩን ከእጄ ተቀብሎ ኔጋቲቩ ላይ ደፋው፣ ቆየ፣ ከዚያ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ አግድሙን ብረት እዪው። ጠርዙ ጥርት ያለ አይደለም?»

«ነው፣ ጋሼ።»

«አሁን ቋሚውን። ሪቬቶቹን እዪ።»

እያንዳንዱ ሪቬት ወደ ጎን ድርብ ሆኖ ነበር። ወደ ላይና ወደ ታች ግን ምንም።

«ፎከስ ቢሆን ሁሉንም እኩል ነበር የሚያደበዝዘው። መሬቱ ሰጥሞ ቢሆን ወደ ታች ይጎተት ነበር። ይሄ ካሜራ ግራና ቀኝ ተጠማዟል። እግሩ ነው።»

ይህ አነጋገሩ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ብዥታ አቅጣጫ አለው፣ አቅጣጫውም ምክንያቱን ይናገራል። የተዘረጋ ወናፍ በጎኑ ነፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ይይዘዋል። ሌንሱ ደግሞ ከመሀሉ ርቆ ወደ ፊት ስለተሰቀለ ግፊቱ ካሜራውን ለማዞር ይመቸዋል። እንደ እኛው ባለ ትልቅ ፊልም (ላርጅ ፎርማት) ካሜራ ውስጥ ተነሥቶ የሚመታ መስተዋት የለም፤ ሻተሩም ሌንሱ ውስጥ ያለና ካሜራውን ብዙ የማይነቀንቅ ነው። ስለዚህ መንቀጥቀጡ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ከነፋስ፣ ከመሬት ወይም ከእጅ።

ጋሼ ቀያሾች መሣሪያቸውን የሚፈትሹበትን መንገድ አሳየን። ካሜራውን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አቆምን፣ ከማዶ ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ለጠፍን፣ ከካሜራው ጀርባ ምስሉ የሚታይበት የማተኮሪያ ብርጭቆ ላይ ካሉት መስመሮች በአንዱ ላይ አንድ ፊደል አገጣጠምን። እሱ በአንድ ጣቱ የካሜራውን ጎን በዝግታ ይገፋና ይለቃል፤ እኔ ጥቁሩን ጨርቅ ለብሼ በአጉሊ መነፅር አያለሁ። የሚታየው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ፊደሉ ምን ያህል ከመስመሩ እንደሚርቅ፤ ያ የእግሩ ጥንካሬ ነው። ሁለተኛው ሲለቀቅ በትክክል ቦታው መመለሱ፤ ካልተመለሰ የሆነ መገጣጠሚያ ላልቷል። ሦስተኛው ከተመለሰ በኋላ ስንት ጊዜ እየተርገበገበ እንደሚቆይ።

የእኛው ራቀ፣ ተመለሰ፣ ተርገበገበ። ጋሼ ጥፋቱን በአንድ ነገር ላይ ብቻ አልጫነም፤ ክፍል በክፍል ለየው። የትራይፖዱን ራስ፣ ማለትም ካሜራው የሚታሰርበትን በኳስ የሚዞር ቦል ሄድ፣ አውልቀን ካሜራውን በቀጥታ እግሩ ላይ ስናስረው መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ እንግዲህ ቦል ሄዱ ድርሻ ነበረው። የመሀሉን ምሰሶ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ስናወርደው እንደገና ቀነሰ። እግሩ አራት ክፍል ስለሆነ ታችኛው ቱቦ ቀጭን ነው፤ እሱን ሳንከፍት ስንሞክር ፊደሉ እምብዛም አልተነቃነቀም። ግን ያኔ ካሜራው ደረቴ ላይ ሆነ፤ አለቃዬማ ጎንበስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሊሠራ አይችልም።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ ይህን አንዱንም አይነግርም። እያንዳንዱ አምራች በራሱ መለኪያ የሚጽፈው ቁጥር ነው፤ ክብደት መሸከምና ጥምዘዛን መቋቋም ደግሞ ለየቅል ናቸው። የቱቦው ዲያሜትር ብዙ ይናገራል፦ የግድግዳው ውፍረት ሳይቀየር ዲያሜትሩ በእጥፍ ቢያድግ ጥንካሬው ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ነው ለትልቅ ካሜራ ሦስት ክፍል ያለው ወፍራም እግር ከአራት ክፍል ቀጭን እግር የሚሻለው። ካርቦኑን አልወቅስም፤ ወፍራም የካርቦን እግር ግሩም ነው። የእኛው ቀጭን ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ የራሱን የቅየሳ ትራይፖድ አቀረበ። እንጨት ነው፣ ታቹ ሹል ብረት፣ በእግር የሚረገጥበት ምላስ ያለው፣ አይነቃነቅም። ችግሩ የቅየሳ ብሎን 5/8 ኢንች ነው፣ የካሜራው ደግሞ 3/8፤ አናቱም ጠፍጣፋ ስለሆነ ካሜራውን ወደ ታች ማጎንበስ አይቻልም። በመጨረሻ አለቃዬ አሽ (ash) ከሚባል ዛፍ እንጨት የተሠራ ያገለገለ ትራይፖድ ገዛ፤ የካሜራ መያዣ ራሱ በሁለት አቅጣጫ ለየብቻ የሚጎነበስና የሚቆለፍ ነው። ለከባድ ካሜራ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቦል ሄድ አንዴ ሲላላ በሁሉም አቅጣጫ ይላላል፣ አምስት ኪሎውም እጅ ላይ ይወርዳል።

ወደ ድልድዩ ስንመለስ በዳገቱ አቋቋም ላይ ክርክር ተነሣ። የአለቃዬ ልማድ አንዱን እግር ከሌንሱ ሥር ማድረግ ነው። የቀያሾች ሕግ ደግሞ ሁለት እግር ወደ ቁልቁለቱ፣ አንዱ ወደ ዳገቱ ነው። ጋሼ «መሬቱ ሜዳ ሲሆን የአንተ፣ ዳገት ሲሆን የእኔ» አለውና ተስማሙ። የሌንስ ቦርሳውን ከመሀል አንጠለጠልነው፤ ግን ታቹ መሬት እንዲነካ አድርገን፣ አለዚያ እሱ ራሱ እየተወዛወዘ ያናውጣል። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከነፋሱ በኩል ቆምኩ። ሻተሩ የሚከፈተው ነፋሱ ጋብ ሲል ብቻ ነበር። ድልድዩ ላይ ቆመን ስናነሣ ግን የትኛውም እግር አያድንም፤ ጭነት መኪና ሲያልፍ ወለሉ ራሱ ይንቀጠቀጣል። መኪናው አልፎ፣ ብርጭቆው ላይ ያለው ምስል እስኪረጋ መጠበቅ ነው።

የዚያ ቀን ኔጋቲቮች ሪቬታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ድልድዩ በቀጠሮው ፈረሰ።

የካርቦኑን ትራይፖድ ለትንሿ ዲጂታል ካሜራ እንጠቀምበታለን፤ ለእሷ ከበቂ በላይ ነው። ያገለገለ የእንጨት ትራይፖድ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ፣ እግሮቹን ዘርግቶ አናቱን በሁለት እጁ ይዞ ይጠምዝዘው፤ ከላይ ያሉት ብሎኖች ላልተው ከሆነ በመፍቻ ይጠብቁና እንደገና ይሞከር። እንጨት በደረቅ ወቅት ስለሚኮማተር ብሎኖቹ በየጊዜው መታየት አለባቸው። ከጠበቁ በኋላም የሚጠማዘዝ ከሆነ አይግዛው።