ጸበል፣ ቤተሰብና የሥነ ልቦና ምክክር፦ አብረው እንዲሄዱ የማደርገው እንዴት ነው

የምሠራው በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ነው። የተማርኩት የምክክር ዘዴ ሰው ብቻውን መጥቶ የልቡን ተናግሮ፣ ለራሱ ወስኖ ይሄዳል ብሎ የሚነሣ ነበር። ቢሮዬ የሚመጣው ሰው ግን እናቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን አስከትሎ ይገባል። የሚነግረኝ ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለሚያቃጥለው ሰውነቱና ስለ እንቅልፍ ማጣቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንጦጦ ጸበል ቆይቶ የመጣ ነው። አሠራሬን ያበጀሁት ለዚህ ሰው ነው።

የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ አስታማሚውም አብሮ ይቀመጣል። ሰላምታው አይቸኮልም። ስለ ታማሚው እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ ያየውን እጠይቀዋለሁ። ከመውጣቱ በፊት፣ ሁለቱም እየሰሙ፣ «የሚነግረኝን ካልፈቀደልኝ ለማንም አልናገርም፤ የእሱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም አልልም» እላለሁ። ይህ ለብቻ ከተነገረ፣ ማታ ቤት «ምን አልክ?» ሲባል ጫናው የሚወድቀው ተማካሪው ላይ ነው። አስታማሚውን በር ላይ ማስቀረት ደግሞ ይብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለውም መልሶ የሚያመጣውም እሱ ነውና ቅር ብሎት ከሄደ ሁለተኛ ቀጠሮ የለም።

የሰውነት ሕመሙን አልፌ ወደ ስሜት ለመግባት አልጣደፍም። ሲያቃጥልዎ ከየት ይጀምራል? ስንት ሰዓት ላይ? የዚያን ቀን ቤት ውስጥ ምን ነበር? ብዙ ነገር የሚወጣው በሦስተኛው ጥያቄ ነው። ጎን ለጎን ለደም ማነስ፣ ለስኳርና ለታይሮይድ ምርመራ እልካለሁ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ቁርጥ ጭንቀትን ይመስላል።

ለድባቴ የምጠቀመው ፒኤችኪው-9 የተባለው መጠይቅ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው፣ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ብዬ እመረምራለሁ። በጾም ወራት የምግብ ፍላጎትና የድካም ጥያቄዎች ያሳስታሉ፤ ስለዚህ «ጾሙ ሳይገባስ?» ብዬ እጨምራለሁ። ዘጠነኛው ስለ ሞት ሐሳብ ነው። ራስን ማጥፋት ኃጢአት ስለሆነ «አይ» ማለት ይቀላል። «እንዲህ የተጨነቀ ሰው አንዳንዴ ራሱን ስለማጥፋት ያስባል፤ እርስዎስ?» ስል ግን መናገር ይቀላቸዋል። «ምነው ፈጣሪ በወሰደኝ» የሚለውን እንደ ተራ ምሬት አላልፈውም። ዘዴና ጊዜ የታሰበበት ከሆነ ብቻቸውን አይሄዱም፤ በዚያው ቀን ከአስታማሚ ጋር ወደ አማኑኤል ሆስፒታል እልካለሁ።

ጸበልን በተመለከተ ሁሉንም በግልጽ እጠይቃለሁ፦ ምን አገኙበት? መድኃኒት ይወስዱ ነበር? አቋረጡ? አደጋው ያለው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የድባቴ መድኃኒትም በድንገት ሲቆም ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ሊያስከትል ይችላል፤ ያ ደግሞ «ክፉ መንፈሱ ሲለቅ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጸበሉን እንዲተው ማዘዝ ግን ሰውየውን ከእምነቱና ከእኔ እንዲመርጥ ማስገደድ ነው፣ ይህን ማድረግ አልፈልግም። ፈቃዱን ካገኘሁ የነፍስ አባቱን አነጋግራለሁ፤ የምጠይቃቸው «መድኃኒቱን አታቋርጥ» እንዲሉት ብቻ ነው። አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መፍቀዳቸው ለዚህ ውይይት ዛሬም ይረዳኛል።

በረመዳን መድኃኒቱ ወደ ሱሑርና ኢፍጣር ይዛወር እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሊቲየም (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ሲውል የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ሊጨምርና ሊመርዘው ስለሚችል፣ ይህ ጥያቄ ጾሙ ከመግባቱ ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት መነሣት አለበት።