ከኮዱ በፊት ሠንጠረዡ

የሰርቨር ፕሮግራሚንግን የተማርኩት በፒኤችፒ (የፕሮግራም ቋንቋ) እና በማይኤስኪውኤል (መረጃን በሠንጠረዥ የሚይዝ ዳታቤዝ)፣ መጻሕፍት ለማዋስ የሚያገለግል ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ኮዱን ሁለቴ አፍርሼ ጽፌዋለሁ፤ ምክንያቱ ግን ኮዱ ሳይሆን የሠንጠረዡ አሠራር ነበር።

"መጽሐፍ" በሚለው ሠንጠረዥ ላይ "ተዋሽ" የሚል ዓምድ ጨመርኩ። መጽሐፉ ለሌላ ሰው ሲሰጥ የቀድሞው ስም ይጠፋል። "ተዋሽ 1፣ ተዋሽ 2" እያሉ መቀጠልም አያዋጣም፤ አንድን ሰው ለመፈለግ ሁሉንም ዓምድ ማሰስ ግድ ይሆናል። የሚያስፈልጉት ሦስት ሠንጠረዦች ናቸው፦ መጽሐፍ፣ አባል፣ ውሰት። ውሰት የሁለቱን መለያ ቁጥር፣ የወጣበትንና የተመለሰበትን ቀን ይይዛል፤ መጽሐፉ እስኪመለስ የመጨረሻው ዓምድ ነል (ባዶ) ነው። መለያ ቁጥሮቹን ፎሬይን ኪ (በሌላው ሠንጠረዥ ካለ ረድፍ ጋር የሚያስር ቁልፍ) አድርጓቸው፤ አለበለዚያ አባሉ ሲሰረዝ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ውሰት ይቀራል። የሠንጠረዡ ኤንጂን (መረጃውን የሚያስቀምጠው የማይኤስኪውኤል ክፍል) ኢኖዲቢ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ሌላው ኤንጂን ማይአይሳም ፎሬይን ኪውን ያለምንም ስህተት ተቀብሎ ችላ ይለዋል።

ተጠቃሚ የጻፈውን ቃል ከኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ትእዛዝ ጋር በፒኤችፒ የነጥብ ምልክት ማያያዝ አደገኛ ነው፤ አንዲት የጥቅስ ምልክት ትእዛዙን ትቀይረዋለች። በፒዲኦ (ፒኤችፒን ከዳታቤዝ የሚያገናኝ መሣሪያ) በእሴቱ ቦታ የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ እሴቱን ለብቻው መላክ ይህን ይዘጋል። የዓምድ ስም ግን በዚህ መንገድ አይላክም፤ ውጤቱ በቅደም ተከተል የሚደረደርበትን ዓምድ ከተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ብቻ ምረጡ።

50 ውሰቶችን አምጥቶ የእያንዳንዱን አባል ስም በሉፕ ውስጥ መጠየቅ 51 ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ነው። ሠንጠረዦችን በሚያጣምረው ጆይን አንድ ይበቃል። ጥቂት ረድፎች ባሉበት ልዩነቱ አይታይም፤ ስለዚህ 10,000 የሙከራ ረድፍ ሞልቼ ኤክስፕሌይን (ዳታቤዙ ኩዌሪውን እንዴት እንደሚፈጽም የሚያሳይ ትእዛዝ) እጠይቃለሁ። "ኦል" ካለ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ነው፤ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) የጎደለበት ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

በአማርኛ ለምንጽፍ የፊደሉ ጉዳይ ለብቻው ይታሰብበት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይር ሥርዓት) ሦስት ባይት ይወስዳል። የማይኤስኪውኤል የቀድሞው ባለ ሦስት ባይት ዩቲኤፍ 8 አማርኛን በደንብ ስለሚያስቀምጥ ችግሩ አይታወቅም፤ አራት ባይት የሚወስድ ኢሞጂ ሲመጣ ግን ይሰናከላል። ከመነሻው አራት ባይት የሚቀበለውን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ምረጡ። የይለፍ ቃል በቢክሪፕት (የይለፍ ቃልን ወደማይነበብ ቅርጽ በሚቀይር ዘዴ) ሲመሰጠር ደግሞ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ 72 ባይቶች ናቸው፤ በአማርኛ 24 ፊደል ማለት ነው። ከ25ኛው ጀምሮ ያለው ቢሳሳትም ሰውዬው ይገባል፤ ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ ርዝመቱን በፊደል ሳይሆን በባይት ቆጥሬ ከ72 ያለፈውን አልቀበልም።