ውሻዬን ሳክም ጭዱን ረስቼ ነበር

የቡቺ ሰንሰለት ሌሊት ሌሊት መንኳኳት የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ጅብ አይቶ መሰለኝ፤ የምንኖረው ከኮተቤ ከፍ ብሎ ስለሆነ ጅብ ብርቅ አይደለም። በሦስተኛው ሌሊት ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ጅብ የለም። ቡቺ በኋላ እግሩ ጎኑን እያከከ፣ አንገቱን ጠምዝዞ የጅራቱን ሥር በፊት ጥርሱ እየነጨ ነበር። ብርሃኑን ሲያይ ለአፍታ አቆመ፣ ጅራቱን ወዘወዘልኝ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቡቺ አራት ዓመቱ ነው። ዘሩን የሚያውቅ የለም፤ ቢጫ፣ አንዱ ጆሮው የቆመ ሌላው የታጠፈ የግቢ ውሻ ነው። ከዚያ በፊት ታሞ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ጠዋት ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ቁንጫ የለም፣ መዥገር የለም፤ ቆዳው ብቻ ቀላ ብሏል። «ያልፍለታል» ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ከስህተቶቼ ሁሉ ትንሿ ይህች ናት።

ውሻ ሲያሳክከው ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ይሆናል። ጎረቤታችን ጋሼ፣ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ ሰው፣ የሞተር የተቃጠለ ዘይት እንድቀባው ነገሩኝ። ሱቁ ላይ የተቀመጠው ልጅ ላምባ ይሻላል አለ። እናቴ በስልክ ድኝ በቅቤ ለውሼ እንዳሸው አዘዘችኝ። እኔም ከሦስቱ መጥፎውን መረጥኩ። ከጋራዥ በውሃ ፕላስቲክ ዘይት አምጥቼ ከወገቡ እስከ ጅራቱ ቀባሁት። ቡቺ ሌሊቱን በሙሉ ራሱን ላሰ፤ ጠዋት በሩ ላይ ጥቁር ትውከት አገኘሁ። የሳሎኑ በር፣ የልጄ ዩኒፎርም፣ የድመቷ ጀርባ ሳይቀር ዘይት ነካው። ያንን ለማስለቀቅ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና ሌላም መርዝ የያዘ ነገር ነው፤ ውሻ ደግሞ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል፣ ስለዚህ ቀባሁት ማለት አጠጣሁት ማለት ነው። ላምባም ቆዳ ያቃጥላል። የእናቴን ድኝ ግን አልንቀውም። በድኝ የተሠራ መድኃኒት በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድም ለእከክ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች ለሚመጣው የቆዳ በሽታ፣ ይታዘዛል፤ ችግሩ የእናቴ መለኪያ እፍኝ መሆኑና የቡቺ በሽታ እከክ አለመሆኑ ነበር። ያኔ ይህን አላውቅም።

ከዘይቱ በኋላ በንጽሕና ልክሰው ፈለግሁ። በየሁለት ቀኑ በልብስ ሳሙና አጠብኩት። የውሻ ቆዳ ከእኛ የሳሳ ነው፤ የአሲድነት መጠኑም ይለያል። የልብስ ሳሙና ቆዳውን የሚጠብቀውን ወዝ ጠርጎ ያወጣዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቡቺ እንደ ፎረፎር የሚረግፍ ቅርፊት አበጀ፤ ማሳከኩም ባሰበት። አንድ ጠዋት ዳሌው ላይ መዳፍ የሚያህል፣ ፀጉሩ የተነጨ፣ እርጥብና የሚሸት ቁስል አየሁ። ትናንት ማታ አልነበረም። እንዲህ ያለው ቁስል በሰዓታት ውስጥ እንደሚሰፋ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ውሻው በላሰውና በነከሰው ቁጥር ይሰፋል።

ሚኒባስ ውሻ አይጭንም፤ ስለዚህ የኮንትራት ታክሲ ለምኜ፣ መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ስለ ዘይቱ ስነግራት ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ከስድብ ይከብድ ነበር። መድኃኒት ከማውጣቷ በፊት ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ቡቺን ጅራቱ ሥር በቅማል ማበጠሪያ አበጠረችው። እንደ ቁንዶ በርበሬ ብናኝ ያለ ጥቁር ነገር ረገፈ። ውሃ ጠብ ስታደርግበት ብናኙ ዙሪያውን ቀይ ቡናማ ሆኖ ፈሰሰ። «አፈር ቢሆን ጥቁር ሆኖ ይቀር ነበር፤ ይህ የቁንጫ ኩስ ነው። የቡቺ ደም ነው» አለችኝ።

አንድም ቁንጫ አላየሁም ብዬ ተከራከርኩ። ሐኪሟ አስረዳችኝ፦ ለቁንጫ ምራቅ ቆዳው የሚቆጣ ውሻ ለቀናት ለመታከክ ጥቂት ንክሻ ይበቃዋል፤ ራሱን ሲልስና ሲነጭ ደግሞ ቁንጫዎቹን ይውጣቸዋል፤ ስለዚህ በጣም የሚያሳክከው ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ ቁንጫ አይገኝም። ቦታውም ራሱ ይናገራል፤ ወገብ፣ የጅራት ሥርና የኋላ ጭን የቁንጫ ሰፈር ነው። እከክ ከሆነ ግን የጆሮ ጫፍ፣ ክርንና ሆድ ላይ ይጀምራል። ሐኪሟ የቡቺን የጆሮ ጠርዝ በጣቶቿ መሀል ይዛ አሸችው፤ የኋላ እግሩ አልተነቃነቀም። እከክ ያለበት ውሻ እንዲህ ሲደረግ ብዙ ጊዜ የኋላ እግሩን አየር ላይ ያርገበግባል። በዚህ ብቻ ሳትወሰን ቆዳውን በምላጭ ቀስ ብላ ፍቃ በማይክሮስኮፕ አየችው።

ቀጥሎ ጥያቄ አመጣች። ቤት ውስጥ ድመት አለ? አዎ አለ። እንግዲያው በገበያ ላይ ካሉት የውሻ ቁንጫ መድኃኒቶች ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ያለባቸውን አትግዛ፤ ድመት ይገድላሉ። ምን ይበላል? ፍርፋሪ፣ እንጀራ በወጥ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉና ወጥ ይቅርበት። እኛ ሀገር ሽንኩርት የሌለው ወጥ ከየት ይመጣል? የቡቺ ምግብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብቻው ይበስላል፤ ባለቤቴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም። የመጨረሻው ጥያቄ፦ ምን ላይ ነው የሚተኛው?

ጭድ ላይ። ክረምት ስለሆነ እንዳይበርደው ብዬ በሐምሌ ራሴ ያነጠፍኩለት፣ ከዚያ ወዲህ ያልተነካ ጭድ ላይ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ አርባና ሃምሳ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ፀጉር ላይ አይጣበቅም፤ ውሻው በተኛበት ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል መሳይ እጭ ከብርሃን ሸሽቶ ጭዱ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ክር ፈትሎ ራሱን ይሸፍናል። ጠቅላላው ሃያ እጅ ቢሆን፣ ውሻው ላይ የሚገኘው አዋቂው ቁንጫ አንዱ እጅ ያህል ነው። እኔ ለስድስት ሳምንት ይህቺን አንድ እጅ ሳሳድድ አሥራ ዘጠኙ እጅ አልጋው ውስጥ ሲፈለፈል ነበር።

ከሐኪሟ ይዤ የተመለስኩት አንገት ላይ የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት፣ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ያለበት ሻምፑና ለጥቂት ቀን የሚሰጥ የማሳከክ ማስታገሻ ክኒን ነበር። ለድመቷም የራሷ መድኃኒት ተሰጣት። ያንኑ ዕለት ጭዱን አውጥቼ አቃጠልኩ፣ የውሻውን ቤት ገልብጬ በፈላ ውሃ አጠብኩና ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተውኩት። በጭዱ ፋንታ ሁለት አሮጌ ብርድ ልብስ በማፈራረቅ አነጥፋለሁ፤ አንዱ ሲነጠፍ ሌላው በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። የሶፋውን ሥርና የምንጣፉን ጠርዝ ሳይቀር ጠረግሁ።

ቁስሉን በቤት ነው ያዳንኩት፤ በዚህ ብቻ ትንሽ እኮራለሁ። ዙሪያውን ያለውን ፀጉር አሳጠርኩ፣ አየር እንዲያገኝ። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨመርኩበት፣ በቀን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁት፣ ከዚያም እንዲደርቅ ተውኩት። ቅባት አልነካሁም፤ እርጥብ ቁስል ላይ ቅባት መለጠፍ እርጥበቱን ማፈን ነው፤ ለሰው የታዘዘ ቅባት ደግሞ ሲላስ መርዝ ሊሆን ይችላል። እንዳይልሰው ከአሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጬ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልዬ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ለአንድ ቀን ተኮረፍኩ። ባልዲውን አጥልቆ ከበሩ ጋር እየተጋጨ ሲሄድ የሰፈሩ ልጆች በአጥር ላይ ተሰቅለው ይስቁ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ደረቀ። ባይደርቅ፣ መግል ቢይዝ ወይም ቡቺ ምግብ ቢጠላ ኖሮ ጨውና ውሃዬን ትቼ እንድመለስ ሐኪሟ አስጠንቅቃኝ ነበር።

አስተጣጠቡንም እንደገና ተማርኩ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ማሳከክን ያነሣሣል። አረፋው መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ ይደረጋል፤ አለዚያ ቁንጫዎቹ ከውሃው ሸሽተው ወደ ጆሮና ዓይን ይወጣሉ። ሻምፑው አሥር ደቂቃ መቆየት አለበት። እርጥብ ውሻ አሥር ደቂቃ መያዝን ያልሞከረ ሰው ደቂቃ አጭር ይመስለዋል። ከዚያ በደንብ አጥቦ፣ ብብትና ጣት መሀል ሳይቀር ማድረቅ። ቆዳው እስኪያገግም በመሀል በመሀሉ አጃ አድቅቄ በለብታ ውሃ በጥብጬ አፈስበት ነበር፤ አጃው ቁንጫ አይገድልም፣ የተቆጣውን ቆዳ ግን ያበርዳል።

በሦስተኛው ሳምንት ሰንሰለቱ እንደገና ተንኳኳ። ያሁኑ ንዴቴ ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። ለሐኪሟ ደወልኩና መድኃኒቱ አይሠራም አልኳት። «መድኃኒቱን ያደረግህለት መቼ ነው? ያጠብከውስ?» አለችኝ። አጥቤው በማግስቱ መድኃኒቱን አንጠባጥቤ፣ በሁለተኛው ቀን ጭቃ ነክቶት እንደገና አጥቤው ነበር። የእኛ መድኃኒት በቆዳው ወዝ ላይ የሚሰራጭ ዓይነት ስለሆነ ከመደረጉ በፊትም በኋላም ሁለት ሁለት ቀን መታጠብ አልነበረበትም። ከዚህም ሌላ፣ በክር የተሸፈነውን ቁንጫ ፀረ ተባይ አይደፍረውም። ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሙቀትና የእርምጃ ንዝረት ሲሰማው ይፈለፈላል። ስለዚህ ወር በወር፣ ቢያንስ ሦስት ወር፣ ማሳከኩ ቢቆምም ሳያቋርጡ መቀጠል ነው። በዚያው ሰሞን የቡቺ ፊንጢጣ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር አይቼ ደንግጬ ነበር፤ ይህም ቁንጫ በመዋጥ የሚመጣ የኮሶ ትል ዓይነት ነው፤ ክኒን ተሰጠውና ለቀቀው።

በኅዳር ሰንሰለቱ ዝም አለ። የተነጨው ቦታ ላይ መጀመሪያ ግራጫ ለስላሳ ፀጉር፣ ቀጥሎ ቢጫው ፀጉር በቀለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀት ዘርግቼ አበጥረዋለሁ፤ የሚረግፈውን አርሳለሁ፤ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ቡናዬን እጠጣለሁ።

በጥር ጋሼ የራሳቸውን ውሻ በገመድ ይዘው መጡ። በሌላ እጃቸው የዘይቱን ፕላስቲክ ይዘዋል፤ እንድረዳቸው ነበር። አንድ የማውቃቸው ሰው ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን የተባለ የተባይ መድኃኒት ሊወጉለትም ቀጠሮ ይዘውላቸዋል። ለከብት የተዘጋጀው ለውሻ ሚዛን እጅግ የጠነከረ መሆኑን፣ አንዳንድ የውሻ ዘር ደግሞ በጥቂቱም አእምሮው እንደሚመረዝ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ጋሼ ክርክር ስለማይወዱ መልስ አልሰጡኝም። ወረቀቴን ዘርግቼ ውሻቸውን አበጠርኩት፤ አንድም ጥቁር ብናኝ አልወረደም። የጆሮው ጠርዝ ግን ሻክሮ ቅርፊት ይዟል። በጣቶቼ መሀል ይዤ አሸሁት፤ የኋላ እግሩ አየር ላይ ተርገበገበ።

«ጋሼ፣ እርስዎንስ ክንድዎ ላይ ያሳክክዎታል?» አልኳቸው።

የሹራባቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡ።